ብክነትን በማስወገድ የጤና ተቋማትን አስተዳደር ማሻሻል፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

ከስማዳ ቆላ፣ ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች ግድም፣ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ስትወጣ የመንደሩ ሰው ተፈራርቆ ይሸከማታል። ሸካሚው ሲደክም ሌላው ትከሻውን ያስገባል እንጂ ቃሬዛው መሬት አይነካም። ውኃ የሚይዘው፣ ቀድሞ ሄዶ መንገድ የሚያጸዳው፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሚያሳውቀው አስቀድሞ ይታወቃል። ትርፍ ሰው የለም፤ የሚጎድልም ሰው የለም።

ይህች እናት ከጤና ጣቢያው ወይም ከሆስፒታሉ በር ከደረሰች በኋላ ግን ጉዞዋ ሊቆም ይችላል። ካርድ እስኪወጣ፣ የመሣሪያ ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪፈለግ፣ ጓንት ከግምጃ ቤት እስኪመጣ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ትጠብቃለች። በዳገቱ ላይ በብዙ ላብ የተገኘው ሰዓት በኮሪደሩ ላይ ይባክናል።

እንደሚታወቀው ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የእናቶችን ሞት ከሦስት መዘግየቶች ጋር አያይዘውታል። አንደኛው ለሕክምና ለመሄድ ከመወሰን፣ ሁለተኛው ተቋሙ ጋ ከመድረስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን አገልግሎት ከማግኘት የሚመጣ መዘግየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቤተሰቡ፣ በመንገዱና በመልክዓ ምድሩ እጅ ናቸው። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው በእኛው እጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኢንዱስትሪ ተፈትኖ ወደ ሕክምናው ዓለም የተሻገረውን የሊን አሠራር መሠረታዊ ሐሳቦች ማብራራትና በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙ ተቋማት የሕንፃ፣ የውኃ፣ የኃይል፣ የመሣሪያና የዕቃ አስተዳደር ላይ እንዴት ሥራ ላይ ሊውሉ እንደሚችሉ ማሳየት ነው።

የሊን ምንጭና ወደ አገራችን አመጣጡ

ሊን የሚባለው አሠራር የተወለደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ነው። ጃፓን በዚያን ጊዜ ገንዘቧም ጥሬ ዕቃዋም ውስን ነበር። ታይቺ ኦኖ የተባሉት የፋብሪካው መሐንዲስ የተነሡበት ጥያቄ «ብዙ ካለው ጋር እንዴት እንወዳደር?» የሚል ሳይሆን «ካለን ላይ የሚባክነው ምንድን ነው?» የሚል ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ አሠራሩ ከመነሻው የድህነት ልጅ እንጂ የብልጽግና ጌጥ አይደለም። «ሊን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ያገኘው ግን ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ትርጉሙ ስብ የሌለበት፣ የጠነከረ ሥጋ እንደ ማለት ነው። ከዚሁ ጋር የሚነሣው ካይዘን የሚለው የጃፓንኛ ቃል ደግሞ ያልተቋረጠ አነስተኛ መሻሻልን ያመለክታል። በእኛ አነጋገር «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ከሚለው ብዙም አይርቅም።

በሕክምናው ዘርፍ በሰፊው የሚጠቀሰው በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የቨርጂኒያ ሜሰን የሕክምና ማዕከል ነው። የማዕከሉ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ጃፓን ተጉዘው አሠራሩን በፋብሪካ ተመልክተው ወደ ሆስፒታላቸው አመጡት። ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ግን በስሪላንካ ኮሎምቦ የሚገኘው የካስል ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ነው። ይህ የመንግሥት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ቦታ አደረጃጀት ያሳየው ለውጥ ለጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) አርአያ ሆኖ፣ ድርጅቱ ከ2007 ጀምሮ አሠራሩን ለአፍሪካ ሆስፒታሎች ማስተዋወቅ ጀመረ።

ወደ ኢትዮጵያ ካይዘን የገባው በኢንዱስትሪ በኩል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ለጃፓን መንግሥት ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተካሄደ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

የጤናው ዘርፍ በራሱ መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ እየቀረበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኢትዮጵያ የሆስፒታሎች ሪፎርም ማስፈጸሚያ መመሪያ የሕሙማን ፍሰትን፣ የሕክምና መዛግብትን፣ የኢንፌክሽን መከላከልን፣ የሕክምና መሣሪያዎችንና የተቋም አስተዳደርን እያንዳንዳቸውን ራሱን በቻለ ምዕራፍ አስቀምጧል። ጽዱና ምቹ የጤና ተቋማትን ለመፍጠር እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ንቅናቄም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነው። ከክልላችንም በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረውና ለሌሎች የተዳረሰው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት የሥራ ፍሰትን ማስተካከል ለተገልጋይ ምን እንደሚጠቅም ጥሩ ማሳያ ነው።

የተቋም አስተዳደር ስንል

የተቋም አስተዳደር (ፋሲሊቲ ማኔጅመንት) የሚባለው የሕክምናውን ሥራ የሚሸከመው ሥራ ሁሉ ነው። ሕንፃው፣ ውኃው፣ መብራቱና ጀነሬተሩ፣ የልብስ እጥበቱ፣ የመሣሪያ ማምከኛው፣ የክትባት ፍሪጁ፣ ግምጃ ቤቱ፣ የቆሻሻ ማቃጠያውና የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱ፣ አምቡላንሱ፣ ጥበቃውና ጽዳቱ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሙና አዋላጅ ነርሷ የሚታዩ ናቸው፤ እነዚህ ግን የሚታወቁት ሲጎድሉ ብቻ ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን እጅ መታጠብ ይቆማል፤ እጅ መታጠብ ሲቆም ደግሞ የትኛውም የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የላይ ጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች እያንዳንዳቸው ከ200,000 በላይ ሕዝብ ነበራቸው። አገራዊው የደረጃ ምደባ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠብቃል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚገኝ ተቋም አንድ ክፍሉ ሲዘጋ ሕመምተኛው የሚላከው ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ነው። በከተማ የሚበላሽ ኦቶክሌቭ ሕመምተኛን ወደ ሌላ ጎዳና ያሻግራል፤ በወገዳ የሚበላሽ ኦቶክሌቭ ግን አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ሊያስጉዝ ይችላል።

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የታቀፈው አርሶ አደርም መዋጮውን አስቀድሞ ከፍሏል። ከፍሎ መጥቶ «መሣሪያው ተበላሽቷል፣ መድኃኒቱ አልቋል» ሲባልና ከግል ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ላለማደስ ምክንያት ቢያገኝ ሊደንቀን አይገባም።

አምስቱ መሠረተ ሐሳቦች

ዎማክና ጆንስ የተባሉ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የሊንን አስተሳሰብ በአምስት ነጥቦች አጠቃለውታል።

1. ዋጋ ያለውን ነገር በተገልጋዩ ዓይን መለየት። ሕመምተኛው የመጣው ምርመራ፣ ሕክምናና ምክር ሊያገኝ ነው። ለእርሱ ዋጋ የማይጨምር ነገር ሁሉ ወይ አስፈላጊ ግዴታ ነው፣ ወይ ብክነት ነው።
2. የሥራውን ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ መከተል። ይህም ከበር እስከ መውጫ ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ጽፎ የወሰደውን ደቂቃ መመዝገብ ማለት ነው።
3. ፍሰት መፍጠር። ሥራው እንደ ቃሬዛው ሳይቆም እንዲሄድ ማድረግ።
4. በፍላጎት መሳብ። ዕቃ የሚንቀሳቀሰው የበላይ ክፍል ስለገፋው ሳይሆን የሚጠቀምበት ክፍል ስለጠየቀው ሊሆን ይገባል።
5. ወደ ፍጹምነት መጣር። ዛሬ የተስተካከለው ነገ እንደገና ይታያል።

ሰባቱ ብክነቶች በእኛ ተቋማት

ታይቺ ኦኖ በፋብሪካ ውስጥ የለዩአቸው ሰባት ብክነቶች በጤና ተቋም ውስጥም ያለ ችግር ይታያሉ።

መጠበቅ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቀላል ስሌት እንውሰድ። በወረፋ 40 ሰዎች ቢኖሩና ክፍሉ በሰዓት 10 ሰዎችን ቢያስተናግድ፣ የመጨረሻው ሰው 4 ሰዓት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የወረፋው ምክንያት የት እንደሆነ ነው። ጥበቱ ላቦራቶሪ ላይ ከሆነ ተጨማሪ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል መክፈት ወረፋውን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ከማዛወር በቀር አይፈይድም።

አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፦ አንዲት ነርስ ጎዝ፣ መርፌ ወይም ቅጽ ለማምጣት በአንድ ፈረቃ 15 ጊዜ ብትመላለስና እያንዳንዱ ምልልስ 4 ደቂቃ ቢወስድ 60 ደቂቃ ይሆናል። በሦስት ፈረቃ 3 ሰዓት፣ በ30 ቀን 90 ሰዓት ይደርሳል። ይህ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ አንድ ባለሙያ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሠራበት ጊዜ ነው። «የሰው ኃይል እጥረት አለብን» ስንል ከእጥረቱ ውስጥ የተወሰነው እግር ላይ እንደቀረ ማየት ይገባል።

አላስፈላጊ ማመላለስ፦ በአንድ ጥግ የሚታጠብ፣ በሌላ ጥግ የሚመከን፣ በሦስተኛ ጥግ የሚከማች መሣሪያ በየመንገዱ ይበከላል፤ ይጠፋልም።

ከመጠን ያለፈ ክምችት፦ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ መድኃኒት፣ የማይሠራ አልጋና ወንበር፣ ማንም የማይጠቀምበት የእርዳታ መሣሪያ መደርደሪያና ክፍል ይይዛሉ። በተጠበበ ሕንፃ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ የያዘው ክፍል የእናቶች ማቆያ ሊሆን ይችል የነበረ ክፍል ነው።

ከሚፈለገው በላይ ማዘጋጀት፦ የማይጠቀሙበትን ስብስብ በየቀኑ ማምከን ነዳጅና ውኃ ይጨርሳል።

አላስፈላጊ ሂደት፦ አንድን መረጃ በሦስት መዝገብ መጻፍ፣ አንድን ፊርማ በሦስት ቢሮ መፈለግ በዚህ ይመደባል። ቆሻሻን ከምንጩ አለመለየትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ አደገኛ ያልሆነ ተራ ቆሻሻ ነው። ጥቁሩና ቢጫው ባልዲ ሲደባለቁ ግን ሁሉም ተላላፊ ይሆናል፤ ማቃጠያውም የማይገባውን ሸክም ይሸከማል።

ግድፈት፦ በስህተት የተሰየመ ናሙና፣ የጠፋ ካርድ፣ ያልመከነ መሣሪያ ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራሉ። በሕክምና ግን ሁለተኛ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

በኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ስምንተኛ ብክነት ጨምረዋል፤ እርሱም የሠራተኛውን ዕውቀት አለመጠቀም ነው። የትኛው ቧንቧ ሌሊት እንደሚያፈስ ጥበቃው ያውቃል። የትኛው ክፍል ሁልጊዜ ሳሙና እንደሚያልቅበት የጽዳት ሠራተኛዋ ታውቃለች። በስብሰባ ላይ ግን እነርሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አምስቱ «ማ»ዎች

ሊን በተግባር ሲጀመር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥራ ቦታ አደረጃጀት ነው። ጃፓኖች በአምስት የ«ኤስ» ቃላት የሚጠሩት ይህ አሠራር በአማርኛ አምስቱ «ማ»ዎች ተብሎ ተሰይሟል፤ እነርሱም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው።

ማጣራት የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ነው። ጥርጣሬ ያለበት ዕቃ ሁሉ ቀይ ካርድ ይንጠለጠልበታል፤ ካርዱ ላይ የዕቃው ስም፣ የተገኘበት ክፍል፣ ቀኑና የታሰበለት ውሳኔ ይጻፋል። ከዚያም በሦስት ይከፈላል፦ ሊጠገን የሚችል፣ ለሌላ ክፍል ወይም ለሌላ ተቋም የሚጠቅም፣ የሚወገድ። የመንግሥት ንብረት በደንብና በኮሚቴ እንጂ በአንድ ሰው ውሳኔ እንደማይወገድ የታወቀ ነው። ሆኖም የማስወገጃው ሂደት ረጅም መሆኑ ዝርዝሩን ላለመጀመር ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዝርዝሩ ያልተጀመረ ዕቃ ፈጽሞ አይወገድም።

ማስቀመጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ስም መስጠት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ አዲስ የመጣ ባልደረባ በሌሊት ማንንም ሳይጠይቅ የሚፈልገውን በ30 ሰከንድ ማግኘት አለበት። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከላይ በጠቀስነው በቨርጂኒያ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ሕመምተኛ በአንጎል የደም ሥር ሕክምና ላይ ሳሉ በኤክስሬይ ቀለም ምትክ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ በስህተት ተወግተው ሕይወታቸው አልፏል። ፈሳሾቹ ቀለም የሌላቸው ሲሆኑ የተቀመጡባቸው ዕቃዎች ስማቸው አልተጻፈባቸውም ነበር። ማዕከሉ ስህተቱን አልሸሸገም፤ በይፋ አምኖ አሠራሩን ለውጧል። ሊንን በጀመረ ማዕከል እንኳ አንድ ያልተለጠፈ መለያ ሰው መግደሉ፣ ነገሩ በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ እንዳልሆነ ያስተምራል።

ማጽዳት እያጸዱ መመርመር ነው። የጀነሬተሩን አካል የሚወለውል ሰው የሚያፈስሰውን ዘይት ቀድሞ ያያል። ማላመድ ሦስቱን በጽሑፍና በሥዕል የጋራ መደበኛ አሠራር ማድረግ ሲሆን፣ ማዝለቅ ደግሞ ተቆጣጣሪ በሌለበትም ቀን ማድረግ ነው። አምስተኛው ከአራቱ ሁሉ ይከብዳል።

መደበኛ አሠራርና የአካባቢው ከፍታ

የሊን ትምህርት አለቃ በቢሮው ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት ቦታ ተገኝቶ እንዲያይ ያዝዛል። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ከነፋስ መውጫ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለማምከን የሚያስፈልገው ደግሞ 121 ዲግሪ ነው። የተለመደው መመሪያ ያልተጠቀለለ መሣሪያ ለ20 ደቂቃ፣ የተጠቀለለ ለ30 ደቂቃ በ121 ዲግሪ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ለዚህም የግፊት መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ. (106 ኪሎ ፓስካል ያህል) እንዲያሳይ ይጠይቃል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። በ3,000 ሜትር ላይ መለኪያው 15 ቢያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 116 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ሊጠጋ ይገባል።

እንግዲህ ከቆላማ ከተማ የተገለበጠ መደበኛ አሠራር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ሠራተኛው በታማኝነት ሲፈጽመው ቢውል እንኳ መሣሪያው አልመከነም ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ ቦታውን ሳያይ ደረጃ ያወጣው ሰው ነው። ስለሆነም በደጋ የሚገኙ ተቋማት በግፊት ሳይሆን በሙቀት መለኪያ መመራት፣ በእያንዳንዱ ዙር የኬሚካል አመልካች ማስገባት፣ የአምራቹን የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ በባዮሜዲካል ባለሙያ ማረጋገጥ ይገባቸዋል። የደኅንነት ቫልቩን በራስ ፈቃድ መነካካት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የጀነሬተር ኃይልም በከፍታ ይቀንሳል፤ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያዎችም የከፍታ ወሰን ይኖራቸዋል። እነዚህን መሣሪያዎች በግዢ ወይም በእርዳታ የሚቀበል ኮሚቴ የሚሠሩበትን ከፍታ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ክምችትን በፍላጎት መምራት

በፍላጎት መሳብ የሚባለው መሠረተ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከፍተኛ ክምችታቸው የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥባቸው የግማሽ ወር ነው። ለምሳሌ አንድ ጤና ጣቢያ በወር 50 ካርቶን ጓንት ቢጠቀም ከፍተኛው 200፣ ዝቅተኛው 100፣ የአስቸኳዩ 25 ይሆናል። ሪፖርት በሚደረግበት ዕለት 70 ካርቶን ቢገኝ የሚጠየቀው 130 ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቢን ካርዱ እውነት ከተናገረ ብቻ ነው። ዕቃው በሞዴል 22 ወጥቶ ቢን ካርዱ ላይ ሳይቀነስ ከቀረ ጥያቄው የሚመሠረተው በሐሰት ላይ ነው።

በክፍሎች ደረጃ ደግሞ ባለ ሁለት ዕቃ መያዣ የሚባለው ቀላል ዘዴ ይጠቅማል። ጓንት በሁለት ሣጥን ይቀመጣል። የፊተኛው ሲያልቅ የኋለኛው ይሳባል፤ ባዶው ሣጥን ራሱ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወደ ግምጃ ቤት ይሄዳል። ባዶው ሣጥን እስኪሞላ የኋለኛው ማዳረስ አለበት። ሌሊት ቁልፍ ፍለጋ መሯሯጥ በዚህ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሊን ማለት ክምችት አለመያዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሲነሣ ጭምብልና ጓንት በቀጥታ ከፋብሪካ እየመጣ ይደርሳል ብለው የተቀመጡ የሀብታም አገር ሆስፒታሎች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። በስማዳና በእስቴ ቆላ ክረምት ሲገባ መንገድ ይቆረጣል። ከሰኔ በፊት የሚከማች ግሉኮስና ኦክሲቶሲን ብክነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ብክነት የሚባለው ምክንያቱን ማንም የማያውቀው ክምችት ነው።

ሳይበላሽ መጠበቅ

መሣሪያን ከተበላሸ በኋላ መጠገን ከሁሉ የሚወደድ ጥገና ነው። የባዮሜዲካል ባለሙያ ከሩቅ በሚመጣበት አካባቢ ደግሞ የመጀመሪያው ጠጋኝ ራሱ ተጠቃሚው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ልዩ መሣሪያ አይጠይቁም።

- የክትባት ፍሪጅ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ይመዘገብ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ ይረጋገጥ።
- ጀነሬተሩ በየሳምንቱ ጭነት ተሰጥቶት ለ30 ደቂቃ ያህል ይሞከር፤ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ውኃና ባትሪ ይታይ።
- የኦክስጅን ማምረቻው የውጭ ማጣሪያ በየሳምንቱ ይታጠብ።
- የሮቶው የውኃ መጠን ከውጭ በሚታይ ምልክት ይታወቅ፤ ከግማሽ ሲወርድ ማን ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ።
- ለእያንዳንዱ መሣሪያ የጥገና ካርድ ይንጠልጠል፤ የቆመበት ቀንና የተነሣበት ቀን ይመዝገብ።

የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ዋና ነው። አንድ መሣሪያ በ30 ቀን ውስጥ ለ6 ቀን ቢቆም ለሥራ የተዘጋጀበት ጊዜ 80 በመቶ ነው። ከስድስቱ ቀናት አራቱ ያለፉት ጥያቄ እስኪጻፍና እስኪፈረም ከሆነ ችግሩ የመለዋወጫ ሳይሆን የወረቀት ነው። ይህን ማወቅ የሚቻለው ከተመዘገበ ብቻ ነው።

አጀማመር

ተቋሙን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ መነሣት የተለመደ ስህተት ነው። አንድ ክፍል መምረጥ ይበቃል፤ ማዋለጃ ክፍሉ ቢሆን ይመረጣል። ከአዋላጅ ነርስ፣ ከጽዳት፣ ከፋርማሲ፣ ከንብረት ክፍልና ከጥበቃ የተውጣጣ አምስት ወይም ስድስት ሰው ያለበት የካይዘን ልማት ቡድን ይቋቋም። ቡድኑ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጥ ይመልከት፤ ደቂቃና እርምጃ ይቁጠር፤ ፎቶግራፍ ያንሣ። ከዚያ አንድ ችግር መርጦ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቅ። ለምሳሌ ሌሊት የወሊድ መሣሪያ ስብስብ ጠፋ፤ ለምን? አልመከነም። ለምን? ኦቶክሌቩ ቀን ሥራ ላይ አልነበረም። ለምን? ውኃ አልነበረም። ለምን? ሮቶው መጉደሉን ማንም አላየም። ለምን? እንዲያይ የተመደበ ሰው አልነበረም። ጥያቄው የጀመረው ከአዋላጇ ነው፤ ያበቃው ግን ዋጋው ከአንድ የኖራ መስመርና ከአንድ የሥራ ድልድል በማይበልጥ መፍትሔ ነው።

መለኪያው ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጥ፦ ከበር እስከ መጀመሪያው ምርመራ ያለው ደቂቃ፣ በወር ውስጥ ውኃና መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ መሣሪያ የቆመበት ቀን፣ ያለቁ አስፈላጊ ዕቃዎች ብዛት። ውጤቱ ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይ በእጅ ይጻፍ።

ሊን የማይፈታቸው ነገሮች

ብዙ አንባብያን ይህን ሲያነብቡ «ይህንንም አይተነዋል» ቢሉ አይፈረድባቸውም። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ሥርዓት፣ የልማት ሠራዊት እየተባለ ተራ በተራ መጥቷል። ከእያንዳንዱ ጥሩ ነገር ተገኝቷል፤ በብዙ ቦታ የቀረው ግን የሪፖርት ቅጹ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ለውጡ ከላይ ወደ ታች የተገፋ እንጂ ከሥራው ቦታ የተሳበ አለመሆኑ ነው። ሊን ራሱ በግፊት ከመጣ የሚታገለውን ብክነት ይሆናል። ጉብኝት ሲመጣ ብቻ የሚለጠፍ መለያ፣ ለሪፖርት ብቻ የሚጠራ ስብሰባ ከስምንቱ ብክነቶች የትኛው እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ሁለተኛው ሥጋት አሠራሩ ሠራተኛን ለማስጨነቅ ወይም ለመቀነስ መሣሪያ ሊሆን መቻሉ ነው። ይህ ከመሠረቱ ጋር ይጋጫል። ሰውን ማክበር ብክነትን ከማስወገድ እኩል የቆመ የቶዮታ ምሰሶ ነው። ከምልልስ የተረፈው ሰዓት ለሕመምተኛውና ለእረፍት እንጂ ለተጨማሪ ቅጽ መዋል የለበትም።

ሦስተኛውና ትልቁ ግን ይህ ነው። የሌለን ነገር በማስተካከል ማትረፍ አይቻልም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ በከተማዋ የነበረው ሆስፒታል በትግራይ ኃይሎች መጎዳቱንና መዘረፉን፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም በዚህ ምክንያት በአካባቢያቸው ሕክምና ማግኘት አለመቻላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። ለተዘረፈ ሆስፒታል የመጀመሪያው መልስ መደርደሪያ ማስተካከል ሳይሆን መሣሪያ፣ መድኃኒትና ሰላም ነው። ለጎደለ አዋላጅ፣ ለተቆረጠ መንገድ፣ ለዘገየ ደመወዝም እንዲሁ። ይህን የሚሸፍን ማንኛውም የማሻሻያ ንግግር በሠራተኛው ዘንድ እምነት አያገኝም።

ሆኖም ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላም ቢሆን ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ፣ በማን እንደሚመዘገብ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ለጥቂቱ ነገር ዕድሜ ይሰጠዋል። ብዙ ያለው ቢያባክን ይጎድልበታል፤ ጥቂት ያለው ቢያባክን ግን ያልቅበታል።

ማጠቃለያ

የሊን አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ ሕመምተኛው የመጣበትን ጉዳይ ማዕከል አድርጎ፣ ሥራውን በቦታው ተገኝቶ አይቶ፣ የሚባክነውን ከሚሠሩት ሰዎች ጋር በየቀኑ መቀነስ ነው። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተቋማት የሚመች የሚሆነው ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ አካባቢ የምትባክን እያንዳንዷ ሰዓት አስቀድሞ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የተከፈለባት ስለሆነች ነው። ቃሬዛውን ያወጡት ጎረቤቶች ድርሻቸውን ሳያሳርፉ ተወጥተዋል። ከበሩ ወዲህ ያለው መንገድ የእኛ ነው፤ እርሱንም በነገው የሥራ ቀን ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ መደርደሪያ፣ ከአንድ የተመዘገበ ደቂቃ መጀመር ይቻላል።